ካዋጋርቦ፦ ጫፉ ተዘግቶ ግርጌው የተከፈተ ተራራ

በማኅበራዊ ሚዲያ ደጋግሞ ብቅ የሚል አንድ ዓይነት ቪዲዮ አለ። በረዶ የለበሰ ተራራ ይታያል፤ ከጀርባ አስፈሪ ሙዚቃ ይሰማል። ተራኪው «ሰው ሊወጣው ያልቻለ ተራራ» ይላል። የሞከረው ሁሉ አልቋል፣ እዚያ የደረሰ ሰው ጥፍሩና ጸጉሩ በአንድ ቀን ያድጋል፣ ሳይንስ መልስ አጥቷል ይላል። አንዳንዴ ምስሉ የካይላሽ ሆኖ ትረካው የካዋጋርቦ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ በተቃራኒው። ሁለቱም በቲቤታውያን ዘንድ ቅዱስ ናቸው። የሁለቱንም አናት የረገጠ ሰው በታሪክ አልተመዘገበም። ከዚህ ውጪ ግን ብዙ አይገናኙም።

ወሬው ከሰሞኑ ጊዜ ጋርም ይገጥማል። 2026 በቲቤት አቆጣጠር የፈረስ ዓመት ነው፤ ካይላሽን ለመሳለም የሚመረጠው ዓመት። ቀጥሎ የሚመጣው 2027 ደግሞ የበግ ዓመት ሲሆን የካዋጋርቦ ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እንዲህ ያለው ዓመት የሚዞረው በ12 ዓመት አንዴ ስለሆነ ስለዚህ ተራራ ገና ብዙ መስማታችን አይቀርም።

ለምን አይወጣም ለሚለው መልሱ አጭር ነው፤ በሕግ ስለተከለከለ። ጥፍርና ጸጉር እዚህ ውስጥ የሉበትም። ይልቅ የሚያነጋግረው ክልከላው ከምን እንደመጣ፣ ምን እንዳዳነና ምን ማዳን እንዳልቻለ ነው።

ስሙ ላይ ያለው ግርግር

ካዋጋርቦ የአንድ ጫፍ ስም ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 6,740 ሜትር ይረዝማል፤ በቻይና የዩናን ክፍለ ሀገር ከዚህ የሚበልጥ ከፍታ የለም። በቲቤትኛ «ነጭ በረዶ» እንደ ማለት ነው። የቆመው የዩናኑ ዴቺን ወረዳ ከቲቤት ራስ ገዝ ክልል ጋር በሚዋሰንበት መስመር ላይ ነው። «ቲቤት ውስጥ ነው ወይስ ቻይና ውስጥ?» የሚለው ክርክርም ከዚህ ይመጣል። በካርታ ላይ ግማሽ ጎኑ ዩናን ነው። የግርጌው ነዋሪ ግን በአብዛኛው ቲቤታዊ ነው። ቲቤታውያን ከራስ ገዙ ክልል ውጪ በዩናን፣ በሲቹዋን፣ በጋንሱና በቺንግሃይም ይኖራሉ።

ሰንሰለቱን በሙሉ ቻይናውያን «ሜይሊ» የበረዶ ተራሮች ይሉታል። ይህ ስም ራሱ የተሳሳተ ነው። ቃሉ «ሜንሪ» ከሚለው የቲቤትኛ ቃል የመጣ ሲሆን ትርጉሙ የመድኃኒት ተራራ ነው። በመጀመሪያ የሚጠሩበትም ወደ ሰሜን ያለውን ክፍል ነበር። ካዋጋርቦ ያለበት ደቡባዊው ክፍል በቻይንኛ «ታይዚ» ይባል ነበር፤ አልጋ ወራሽ ማለት ነው። ካርታ ሲሠራ የሰሜኑ ስም ለሁሉም ተለጠፈ። ቱሪዝሙ ሲመጣ ደግሞ ስሙ ጸና። «ሜይሊ» በቻይንኛ «ውብ» ከሚለው ቃል ጋር ድምፁ ይቀራረባል። ለማስታወቂያ ከዚህ የተሻለ ስም የት ይገኛል?

አቀማመጡን ማወቅ ለኋላው ይጠቅማል። ሰንሰለቱ በሁለት ትልልቅ ወንዞች መካከል የተሰነቀረ ነው። በምሥራቅ ሜኮንግ አለ፤ ቻይናውያን ላንሳንግ ይሉታል። በምዕራብ ሳልዊን አለ፤ እነሱ ኑ ይሉታል። ከሜኮንግ ባሻገር ደግሞ ጂንሻ፣ ማለትም የላይኛው ያንግትዜ ይፈሳል። ዩኔስኮ ይህን «ሦስቱ ትይዩ ወንዞች» የሚባል አካባቢ በ2003 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከሜኮንግ ሸለቆ እስከ ተራራው አናት ያለው የከፍታ ልዩነት ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ታች ወይን ይተከላል፤ ቀና ሲባል የማይቀልጥ በረዶ ይታያል።

«ቅዱስ» ሲባል ምን ማለት ነው?

በአማርኛ ቅዱስ ተራራ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ገዳም ያለበትን ወይም ጻድቅ የጸለየበትን ቦታ ነው። ቅድስናው የሚመጣው እዚያ ከተደረገው ነገር ነው። ካዋጋርቦን በዚህ ዓይን ካየነው ነገሩ ይሰወርብናል። በቲቤታውያን እምነት ተራራው ራሱ ባለ ሕይወት ነው። ይቆጣል፣ ይታረቃል፣ ይጠብቃል። በሥዕል ሲወጣ በነጭ ፈረስ የተቀመጠ ጦረኛ ነው። ሚስትም አለችው፤ ከአጠገቡ ያለችው 6,054 ሜትር ከፍታ ያላት ሾጣጣ ጫፍ ሜትሱሞ ናት።

ታሪኩ ከቡድሂዝም በፊት ይጀምራል። ካዋጋርቦ መጀመሪያ የአካባቢው ኃይለኛ መንፈስ ነበር ይባላል። በትውፊቱ መሠረት በ8ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ቲቤት የመጣው ሊቅ ፓድማሳምባቫ አሸንፎ አስማለው፤ ከዚያ ወዲህ የሃይማኖቱ ጠባቂ ሆነ። እዚህ ላይ ሁለት የቲቤትኛ ቃላት ይጠቅማሉ። «ዩላ» ማለት የአንድ አገር ወይም ቀዬ ባለቤት የሆነ አምላክ ነው፤ የሚመለከተውም እዚያ የሚኖሩትን ነው። «ኔሪ» ደግሞ ከሩቅ ተመጥቶ የሚሳለሙት ተራራ ነው። ካዋጋርቦ ሁለቱንም ነው። የግርጌው ገበሬ ጠዋት ጥድ ያጨስለታል። ከሌላ ክልል የመጣው ተሳላሚ ደግሞ ይዞረዋል።

መዞሩ «ኮራ» ይባላል። ቡድሂስቶች ተራራውን በስተቀኛቸው አድርገው ይዞራሉ፤ የጥንቱን የቦን ሃይማኖት የሚከተሉት ግን በተቃራኒው። የካዋጋርቦ የውጪው ዙር 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከ4,400 ሜትር በላይ የሆነ በር ያቋርጣል። ተሳላሚው ይህን ሁሉ የሚደክመው ጫፉ ላይ ለመድረስ አይደለም። እንዲያውም ጫፉ ላይ መድረስ በሐሳቡ ውስጥ የለም።

ቅድስናው ለዕለት ኑሮም ደንብ ያወጣል። በተራራው ጎን ላይ «ሪ ጊያ» የሚባል ወሰን አለ፤ የታሸገ ተራራ እንደ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ዛፍ አይቆረጥም፣ አይታደንም። «ክልል» የሚለው ቃላችን በድሮ ትርጉሙ፣ የተከለለ ቦታ በሚለው፣ ይህን ደህና አድርጎ ይገልጸዋል። በአካባቢው የተካሄዱ የዕፅዋት ጥናቶችም ቅዱስ በሚባሉት ቦታዎች ያሉት ዛፎች በዕድሜም በውፍረትም እንደሚበልጡ አሳይተዋል። ይህ ሁሉ የኖረው ያለ ዘበኛና ያለ አጥር ነው።

ጃንዋሪ 1991

ካዋጋርቦን በዓለም ያሳወቀው አደጋው ነው። በ1987 አንድ የጃፓን ቡድን ሞክሮ ተመልሶ ነበር። በ1990 መጨረሻ የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ የተራራ ወጪዎች ክበብ ከቻይናውያን ጋር ተጣምሮ መጣ። የአካባቢው ሰው አጥብቆ ተቃወመ። ተራራውን መውጣት የወላጅን ራስ እንደ መርገጥ ነው የሚቆጥረው። ፈቃዱ ግን የተሰጠው ከበላይ ነበር። የመንደር ተቃውሞ የሚያስቆመው አልሆነም።

ዲሴምበር 28 ቀን ፊት ፊት የሚሄዱት ወጪዎች 6,470 ሜትር ደረሱ። 270 ሜትር ብቻ ቀራቸው። አየሩ ተበላሸና ወረዱ። ከዚያ በረዶ ይጥል ጀመር፤ ለቀናት አላባራም። 5,100 ሜትር ላይ በተተከለው ሦስተኛው ካምፕ 17 ሰዎች ተሰበሰቡ፤ 11 ጃፓናውያንና 6 ቻይናውያን። ጃንዋሪ 3 ማታ ከታች ካለው ካምፕ ጋር በሬዲዮ ተነጋገሩ። በማግስቱ ጠዋት የሚመልስ ጠፋ። ሌሊቱን የበረዶ ናዳ ወርዶባቸው ነበር። ከ17ቱ አንድም አልተረፈም። ሊፈልጓቸው የሄዱትም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

የአካባቢው ሰው የሚያወራው ታሪክ እንዲህ ነው። ካዋጋርቦ በዚያን ሰሞን የተራሮች አማልክት ስብሰባ ሄዶ ነበር። ሲመለስ ትከሻው ላይ ሰዎች አገኘ። ትከሻውን ነቅነቅ አደረገ።

የተፈጥሮ ሳይንስ ደግሞ የራሱን ይናገራል። ተራራው የሚገኘው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 28 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ለበረዶ ተራራ ይህ ሞቃት የሚባል ቦታ ነው። ከደቡብ የሚመጣው እርጥብ አየር ከዚህ ግድግዳ ጋር ሲላተም ብዙ በረዶ ያራግፋል። ጎኑ ቀጥ ያለ ነው። በጥቂት ቀናት የሚከመር አዲስ በረዶ ከስሩ ካለው አሮጌ በረዶ ጋር ሳይጣበቅ ይቀራል። ከዚያ ትንሽ ነገር ይበቃዋል። እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊ «እምነት ወይስ ሳይንስ?» ብሎ ፍልሚያ ይከፍታል። ፍልሚያው ግን ውሃ አያነሳም። ናዳው እንዴት እንደወረደ ማስረዳት ሰዎቹ መጀመሪያውኑ እዚያ መሄድ ነበረባቸው ወይ የሚለውን አይመልስም። የመንደሩ ሰው ይጠይቅ የነበረው ደግሞ ሁለተኛውን ነው።

ክበቡ በ1996 እንደገና ሞክሮ አልተሳካለትም። በጁላይ 1998፣ ከአደጋው ሰባት ዓመት ተኩል በኋላ፣ የሟቾቹ አስከሬንና ዕቃ በሚንግዮንግ የበረዶ ግግር ላይ ታየ። የበረዶ ግግር ማለት ለብዙ ዘመን ተከምሮ የጠጠረና በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ወደ ታች የሚፈስ በረዶ ነው። ሰዎቹን ከካምፓቸው ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ አድርጎ አውርዷቸዋል። ያየው የመንደር ሰው ነው። ከዚያ ግግር የሚወጣው ውሃ ደግሞ የሚንግዮንግ መንደር ውሃ ነው፤ ይጠጡታል፣ እርሻቸውን ያጠጡበታል። ይህን ስናስብ ተቃውሞው የመንፈስ ጉዳይ ብቻ እንዳልነበረ ይገባናል። ከ1996ቱ ቡድን አንዱ ጃፓናዊ ለዓመታት ወደ መንደሩ እየተመላለሰ፣ አብሯቸው እየኖረ፣ የጓደኞቹን ቅሪት ከበረዶው ላይ ሲለቅም ቆይቷል።

ክልከላው የማን ነው?

በ2001 የአካባቢው መንግሥት በባህልና በሃይማኖት ምክንያት ተራራውን መውጣት በሕግ ከለከለ። በዚህ ላይ የተለያዩ አስተያየቶች አሉ።

አንዳንድ ተራራ ወጪዎች ተራራ የሁሉም ነው ይላሉ፤ በአክብሮት የወጣ ሰው ማንንም አልሰደበም ባይ ናቸው። ኤቨረስትንም ይጠቅሳሉ። ቲቤታውያን ጆሞላንግማ የሚሉት ይህ ተራራ የአምላክት ማደሪያ ተደርጎ ይታያል። ሆኖም ሼርፓዎች፣ ማለትም በአካባቢው የሚኖሩትና ወጪዎችን የሚመሩት ሰዎች፣ ከመውጣታቸው በፊት ጸሎት አድርሰውና ጥድ አጭሰው ነው የሚነሱት፤ ከዚያ ደንበኞቻቸውን ይዘው ይወጣሉ። እዚያ የተፈቀደ እዚህ ለምን ይከለከላል?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። «ቅዱስ» የሚለው አንድ ቃል ብዙ ዓይነት ግንኙነት ይሸፍናል። ተሳላሚ በየዓመቱ የሚዞረው፣ ደንብ የተሠራለት፣ ሰው በስሙ የሚምልበት ተራራና ጥቂት ሸለቆዎች ብቻ የሚያከብሩት ተራራ እኩል አይደሉም። በኤቨረስት ዙሪያ ደግሞ መውጣቱ ራሱ ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል። ስለዚህ ወሳኙ የቅድስናው መኖር ብቻ ሳይሆን እዚያ የሚኖረው ሰው ምን ይላል የሚለው ጭምር ነው።

ሌሎች ምሳሌዎችም አሉ። 6,638 ሜትር የሆነውን ካይላሽን ቡድሂስቶች፣ ሂንዱዎች፣ ጃይኖችና የቦን ተከታዮች ያከብሩታል። በ1980ዎቹ ጣሊያናዊው ዝነኛ ተራራ ወጪ ራይንሆልድ ሜስነር ዕድሉ ቀርቦለት አልፈልግም ብሏል። በ2001 አንድ የስፔን ቡድን ሊወጣ ነው የሚል ዜና ተሰምቶ ከብዙ አገር ተቃውሞ ተነሳ፤ ቻይናም እንደማይፈቀድ አስታወቀች። ቡታን ከሁሉም ቀድማለች። በ1994 ከ6,000 ሜትር በላይ መውጣትን ከለከለች፤ በ2003 ደግሞ ተራራ መውጣትን ጨርሳ ዘጋች። በዚህ ምክንያት 7,570 ሜትር የሆነው ጋንግካር ፑንሱም በዓለም ካልተወጡት ጫፎች ትልቁ ሆኖ ቀርቷል።

ሌላው ወገን ክልከላውን በጥርጣሬ ያያል። መንግሥት ተራራውን የዘጋው ለአማልክት አዝኖ አይደለም፤ ሰው ያልረገጠው ጫፍ ለቱሪስት ጥሩ ሸቀጥ ስለሆነ ነው ይላል። ይህ ከፊል እውነት አለው። ግን የነገሩን ቅደም ተከተል መርሳት የለብንም። ተቃውሞው ከመንደር የተነሳው ቱሪስት ከመብዛቱ በፊት ነው። መንግሥት በኋላ የተቀላቀለው የራሱ ጥቅም ከእነሱ ጥያቄ ጋር በአንድ መንገድ ስለሄደለት ነው። ሁለቱ መንገዶች የሚለያዩት ደግሞ ከተራራው ግርጌ ሲደረስ ነው።

ግርጌው ገበያ ሲሆን

በ1998 በያንግትዜ ላይ ከባድ ጎርፍ ከደረሰ በኋላ ቻይና በላይኛው ተፋሰስ የተፈጥሮ ደን መቁረጥን አገደች። በዚህ አካባቢ የመንግሥት ገቢ ባብዛኛው ከእንጨት ነበር። ገቢው ሲደርቅ ሌላ መፈለግ ግድ ሆነ። የተገኘውም ቱሪዝም ነው። በ2001 መጨረሻ ጎረቤት ያለው ጆንግዲያን ወረዳ ስሙን «ሻንግሪላ» ብሎ ቀየረ። ስሙ ከ1933 የእንግሊዝኛ ልቦለድ የተወሰደ ምናባዊ አገር ነው። ካዋጋርቦን መውጣት የተከለከለውም በዚያው ዓመት ነው።

ከዚያ በኋላ ተራራው የሚታይ ዕቃ ሆነ። ከሸለቆው ማዶ ፌይላይ ቤተ መቅደስ አጠገብ የፀሐይ መውጫ ማያ ቦታ ተዘጋጀ፤ ዙሪያው ሆቴል በሆቴል ሆነ። በአንድ ወቅት እዚያ ግንብ ተሠርቶ ትኬት ያልቆረጠ መንገደኛ ከመንገድ ላይ ሆኖ ተራራውን እንዳያይ ተደርጎ ነበር። አምላክን በግንብ ጋርዶ በትኬት ማሳየት! ለዚህ ማብራሪያ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ይህ ሲባል የመንደሩ ሰው ተበዳይ ብቻ ነው ማለት አይደለም። በሚንግዮንግ ቱሪስት በበቅሎ የማመላለሱ ሥራ ቤቶቹ በተራ የሚካፈሉት ገቢ ነበር። በዩቤንግ መንደር ቤታቸውን ለእንግዳ ያከራዩ ቤተሰቦች ኑሯቸው ተቀይሯል። ልጅ ማስተማሪያ፣ ቤት ማደሻ የሆነ ገንዘብ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። የድሮው ደንብ የተሠራው ለመጥረቢያና ለጠመንጃ ነው። ለሆቴል፣ ለፕላስቲክ ጠርሙስና ለመኪና መንገድ የተሠራ «ሪ ጊያ» የለም። የ2001ዱ ሕግም የሚናገረው ስለ መውጣት ብቻ ነው።

ክፍተቱ በካዋጋርቦ ብቻ የሚታይ አይደለም። በሴፕቴምበር 2025 በቲቤት ራስ ገዝ ክልል፣ በሺጋጼ፣ በጊያንጼ ወረዳ ከፍታ ላይ የአርቲስት ሳይ ጉዎ-ቺያንግ የርችት ትርዒት ቀረበ። ድጋፍ የሰጠው አርክቴሪክስ የተባለ የተራራ ልብስ አምራች ነው። በተራራው ጀርባ ላይ ተራ በተራ የፈነዳው ርችት የዘንዶ ቅርጽ ነበረው። ቻይና ውስጥ ሳይቀር ብርቱ ቁጣ ተቀሰቀሰ፤ አርቲስቱም ኩባንያውም ይቅርታ ጠየቁ፣ ባለሥልጣናትም ምርመራ ከፈቱ። ልብ የሚባለው ግን ከትርዒቱ በፊት ያለው ነው። እዚያ ማንም ጫፍ ላይ ልውጣ አላለም። ስለ መውጣት ብቻ የሚያወራ ክልከላ ቢኖርም ርችቱን አያስቆመውም ነበር።

በረዶው ለምን ይሸሻል?

የሚንግዮንግ የበረዶ ግግር ምላሱ 2,700 ሜትር ገደማ ድረስ ይወርዳል። በዚህ ኬክሮስ እንዲህ ዝቅ ብሎ የሚወርድ ግግር ብርቅ ነው። ዝቅ ማለቱ ግን ለሙቀት ያጋልጠዋል። ካለፉት አሥርት ዓመታት ወዲህ እየሳሳና ወደ ላይ እየሸሸ ነው።

የአካባቢው ሽማግሌዎች ምክንያቱን በራሳቸው መንገድ ያስረዳሉ። እንግዳ በዛ፤ በረዶው ተረገጠ፤ ቆሻሻ ተጣለ፤ መብራት ገባ፤ ካዋጋርቦ ተቀየመ። ተመራማሪዎች ደግሞ የአየር ሙቀት መጨመርን ያነሳሉ። የዚህ አካባቢ ግግር አንድ ልዩ ጠባይ አለው። በረዶ የሚጨምርበት የዓመቱ ወቅትና የሚቀልጥበት ወቅት አንድ ነው፤ ሁለቱም እርጥቡ የሞንሱን ነፋስ በሚነፍስበት ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ባለው ጊዜ ነው። ሙቀቱ ትንሽ ከፍ ሲል ከላይ በበረዶነት ሊወርድ የነበረው ዝናብ ሆኖ ይወርዳል። ግግሩ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ገቢው ይቀንሳል፣ ዝናቡም ያለውን ያቀልጣል። ከጭስ የሚመጣ ጥቀርሻ ሲያርፍበትም ፀሐይ የመሳብ ኃይሉ ይጨምራል።

ሁለቱ ማብራሪያዎች እኩል ትክክል ናቸው ማለት አይቻልም። ግግሩን የሚያሸሸው በዋናነት በዓለም ዙሪያ የሚቃጠለው ነዳጅ እንጂ የቱሪስት ጫማ አይደለም። ግን ሽማግሌዎቹ አንድ ነገር አልሳቱም፤ ጥፋቱን የሰው አድርገውታል። የሚያሳዝነው በእነሱ ማብራሪያ ውስጥ ጥፋተኞቹ እነሱ ራሳቸው መሆናቸው ነው። እንግዳ አስገባን፣ ገንዘብ ወደድን እያሉ ራሳቸውን ይወቅሳሉ። ለዚህ ሙቀት ያላቸው ድርሻ ግን ኢምንት ነው።

2027 ምን ይዞ ይመጣል?

በ2003 እና በ2015 የበግ ዓመቶች ተሳላሚው ከሌላው ጊዜ እጅግ በዝቶ ነበር። የ2027ቱ ከፌብሩዋሪ ይጀምራል። ካለፉት የበግ ዓመቶች ወዲህ ግን የተቀየረ ነገር አለ። ድሮ በእግር ሁለት ሳምንት ገደማ የሚፈጀው የውጪው ዙር በከፊል የመኪና መንገድ ገብቶለታል። መንገድ ለአዛውንትና ለታማሚ ተሳላሚ እፎይታ ነው። ለሸለቆው ደግሞ ተጨማሪ የታሸገ ኑድልና ጠርሙስ ነው። ቆሻሻውን ከተሳላሚ ኋላ እየተከተሉ የሚለቅሙት የመንደር ሰዎችና መነኮሳት ናቸው።

የውጭ አገር ሰው ሙሉውን ዙር የመዞር ዕድሉ ጠባብ ነው። የመንገዱ ገሚስ የሚያልፈው በቲቤት ራስ ገዝ ክልል ውስጥ ሲሆን እዚያ ለመግባት ልዩ ፈቃድ ይጠየቃል። ስለዚህ አብዛኛው ካሜራ በዩናን በኩል ፌይላይ ላይ ይቆማል። በቪዲዮ የምናየውም ከዚያ የተቀረጸው ጎን ነው። ተሳላሚው የሚደክምበት ማዶው ግን ከዚያ ሆኖ አይታይም።

ጫፉን በተመለከተ ሕጉ ይላላል የሚያሰኝ ምልክት የለም። የሚንግዮንግ በረዶም በ1991 የወሰደውን እየመለሰ ቆይቷል። መንደርተኛው የድንኳን ቅዳጅ፣ የጫማ ቁራጭ ሲያገኝ ከውሃው አርቆ ያኖረዋል።